የማርያን ቁጣና አማካሪው

ምክር የሚሰጥ ሰው ሁሉ ሌላው ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ከሌላው ሰው በላይ ያውቃል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን እውቀት ጠቅልለው የያዙት የተከበሩት የሥነ ልቦና አማካሪ አቶ ዓለምሰገድ ናቸው። ድሬ አንቱታ የሚበረክትበት ከተማ አይደለም፤ እሳቸውን ግን አንቱ ማለት ግድ ነው፤ ሥልጠና ወስደዋል።

ሥልጠናው የተለያየ ባህልና እምነት ያላቸውን ሰዎች ስለማማከር ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም በራቸውን ከፍቶ ቢገባ፣ ከሰውየው በፊት የሚታያቸው ወገኑ ሆነ። አንገታቸውን ዘመም ያደርጉና፣ "በእናንተ ባህል ይሄ እንዴት ይታያል?" ይላሉ።

የፋብሪካ ሠራተኛው ተሰማ እንቅልፍ አጥቶ መጣ። ስሙ የደገኛ ነውና ስለ ነፍስ አባቱ ጠየቁት።

"እኔ እዚሁ ድሬ፣ ለገሃሬ ነው ያደግኩት" አላቸው ግራ ገብቶት። "የነፍስ አባት የለኝም። ፈረቃው ነው የገደለኝ።"

ጠበል መክረው ሸኙት። ሐረሪው ባለሱቅ ጦልሃ ደግሞ ደንበኛ ሲገባ ላብ ያጠምቀኛል ቢላቸው፣ ስለ ሐረሪ ሠርግ ሲጠየቅ ውሎ ወጣ።

ከዚያ ማርያን መጣች። ቀፊራ ገበያ ልብስ የምትሸጥ ሶማሌ ናት፤ ልጇን ወደ የመን ሲሻገር ባሕር በልቶባታል። አቶ ዓለምሰገድ ለእሷ አንብበው፣ ተዘጋጅተው ነበር።

"ማርያን፣ በእናንተ ዘንድ ሰብር የሚባል ትልቅ ነገር አለ" ብለው ጀመሩ። "ከአላህ የመጣውን መቀበል ማለት..."

"አውቀዋለሁ" አለች። "እናቴ ብላኛለች። ሼኩ ብለውኛል። ሰብር አድርጊ የሚለኝ ሰው ቤቴ ሞልቷል። አንተ ጋ የመጣሁት የምቆጣበት ቦታ ባጣ ነው።"

ይህ ሥልጠናው ላይ አልነበረም። አማካሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በባህላችሁ እናት ስትቆጣ..."

"የሞተው እኮ ልጄ ነው" አለች ማርያን። "ባህሌ ደህና ነው። ይሄን ሁሉ ስታወራ ስሙን እንኳ አልጠየቅከኝም።"

አቶ ዓለምሰገድ ፊታቸው ጠቆረ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ማን ይባል ነበር?" አሉ።

"ዋርፋ።"

"እንዴት ያለ ልጅ ነበር?"

"ውሸታም" አለች። "ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ፣ አክስቴ ጋ ልክረም ብሎኝ ነው የሄደው። ስንቅ ቋጥሬ፣ ለአክስትህ ሰላም በልልኝ ብዬ በገዛ እጄ ሸኘሁት።"

ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ደግማ መታችው። ከዚያ በሶማሊኛ የሞተ ልጇን ትሰድበው ጀመር። አቶ ዓለምሰገድ ከስድቡ አንዱም አልገባቸውም፤ ምን ማለት ነው ብለውም አልጠየቁ። ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው በሩን ቢያንኳኳ አልመለሱለትም። ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ ከፊቷ ንቅንቅ አላሉም።

ስታበቃ ውሃ ጠየቀቻቸው። ሲቀዱላት ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ጠጥታ ተነሣች።

"አልቀለለኝም" አለች ሻሿን እያስተካከለች። "ግን ለሳምንት እመጣለሁ።"

"ነይ" አሏት።