የፕሮፌሰሩ ግራ እጅ

ታላቅ ሰው ማረም እንደ ትኩስ ሻይ ብርጭቆ ነው፤ ከየት በኩል እንደሚያዝ ያላወቀ ይቃጠልበታል። እኛ ደግሞ፣ ጉራ አይሁንብኝና፣ አያያዙን እናውቅበታለን። አጎታችሁ የሠርጉን ቀን አሳስተው ቅዳሜ ነው ቢሏችሁ «ተሳስተዋል» አትሏቸውም። «እኔ እሑድ መስሎኝ ነበር፤ ይሄ ጆሮዬ መቼም!» ትላላችሁ። አጎትም ትንሽ ያስቡና «እሑድ ነው እንጂ ያልኩህ፤ ጆሮህን ታይ» ይሏችኋል። ቀኑ ታረመ፤ አጎት እንደተከበሩ ቀሩ፤ የተወቀሰው ጆሮ ብቻ ነው። ጆሮ ደግሞ ቻይ ነው።

በዚህ ጥበብ እኔ ራሴ በወጣትነቴ ስም አውጥቼበታለሁ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ስማር (ጀመርኩ እንጂ አልጨረስኩትም፤ ያ ሌላ ወግ ነው) አንድ የተከበሩ መምህር ሰሌዳው ላይ የመቀነስ ምልክት ዘለሉ። ክፍሉ ሙሉ ተማሪ ምልክቷን ሳይጨምር፣ ስህተቱን ከነክብሩ ወደ ደብተሩ ገለበጠ። እኔ እጄን አወጣሁና «መምህር፣ ያቺ የመቀነስ ምልክት የት እንደገባች አልታይህ አለኝ፤ ዓይኔ ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። መምህሩ ዞር ብለው ሰሌዳውን አዩ፤ ምልክቷን ጣል አደረጉና «ዓይንህን ተመርመር» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይወዱኝ ነበር። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ይሄው ነው። ስህተት ስታይ በራስህ ላይ ውሰደው፤ ባለቤቱ መጥቶ ይረከብሃል። ይህን ሕግ ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። ሮም ድረስ። እዚህም ለስደተኞችና ለዳኞች እያስተረጎምኩ ስኖር አልጣልኩትም። ይባስ ብዬ ለረድኤት አስተማርኳት።

ረድኤት ከደሴ በተማሪ ቪዛ የመጣች፣ ሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ናት። ቶር ፒኛታራ በሚባለው የሮም ሰፈር እትዬ ዘውዴ ቤት አንድ ክፍል ይዛለች። እትዬ ዘውዴ የጣሊያን ሽማግሌዎችን ሲያስታምሙ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጣሊያንኛን እንደ ሮም ባለ ታክሲ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ ወይም ልጅቷ ቤታቸው እስክትገባ ድረስ አልነበራቸውም።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ፈተና ነበር። የተማሪ ፔርሜሶ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚታደሰው በዓመቱ ውስጥ ሁለት ፈተና ላለፈ ተማሪ ነው። ረድኤት አንዱን አልፋለች። የቀራት የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ፈተና ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የፈተና ወቅት መስከረም ላይ ሲሆን ፔርሜሶዋ ግን ነሐሴን አይሻገርም። ካለፈች ትቆያለች። ካላለፈች ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ምርጫው ይሄን ያህል ግልጽ ነበር።

ስለዚህ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘውዴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንቀመጥ ነበር። ሹካ የኮረንቲ ሽቦ ይሆናል፤ የእትዬ ዘውዴ አምባር የሽቦ ቀለበት ይሆናል። እሳቸው ድስት እያማሰሉ ጣልቃ ይገባሉ።

«ይሄ መስክ የምትሉት ነገር ይታያል?»

«አይታይም፣ እትዬ።»

«ይዳሰሳል?»

«አይዳሰስም።»

«ታዲያ መኖሩን በምን አወቃችሁ?»

ረድኤት ሳቀች። «እርስዎ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ጋሼ እግራቸውን ከወንበሩ ላይ ያወርዳሉ አይደል? አልነኳቸውም፤ ምንም አላሏቸውም። ግን ይወርዳል። መስክ ማለት እሱ ነው።»

እግሬን አወረድኩ። ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችውም፤ እኔም አላስተማርኳትም። በልቤ ‹ይቺ ልጅ ታልፋለች› አልኩ። አፌ ግን አላረፈም፤ «አንድ ምክር ልስጥሽ» አልኩና ያንን ሕጌን ነገርኳት። ፕሮፌሰሩ ቢሳሳቱ እንኳን «ተሳስተዋል» አትበዪ፤ «አልገባኝም» በዪ። እሷም በትሕትና ራሷን ነቀነቀች። ዛሬ ሳስበው ያን ጊዜ ድስቱ ቢገነፍልና አፌን ቢያስይዘኝ ኖሮ እላለሁ።

በጣሊያን አገር የቃል ፈተና በር አይዘጋበትም። ማንም መንገደኛ ገብቶ ከኋላ መቀመጥና ማዳመጥ ይችላል። የአገሩ ልማድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት ተራቸውን የሚጠብቁ ተማሪዎች ናቸው። ይህን ለእትዬ ዘውዴ ስነግራቸው ግን ማማሰያውን አስቀመጡ።

«የሚታይ ከሆነማ እሄዳለሁ። ሰው የላትም እንዲሏት ነው?»

የፈተናው ቀን ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሠርግ ጫማቸውን አድርገው መጡ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን ያሉት ተማሪዎች ዞረው አዩን። እትዬ ዘውዴ አንገታቸውን ቀና አድርገው መልሰው አዩአቸው።

ፕሮፌሰሩ ጢማቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ መልካም ሰው ይመስላሉ። ሁለት ጥያቄ ጠየቋት፤ ሁለቱንም እንደ ውሃ አፈሰሰችው። እኔም ሳቄን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ነበር። ወደ ሦስተኛው መጡ። ሰሌዳው ላይ ቀጥ ያለ ሽቦ ሣሉ፤ ኮረንቲው ወደ ላይ ይወጣል። ከሽቦው በስተቀኝ አራት ማዕዘን የሽቦ ቀለበት ሣሉ። «ይህን ቀለበት ከሽቦው እያራቅነው ብንሄድ በውስጡ ኮረንቲ ይፈጠራል። በየት በኩል ይዞራል?» አሏት።

ረድኤት አሰበችና «ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ» አለች። ልክ ናት። ቀለበቱ ሲርቅ በውስጡ የሚያልፈው መስክ ይደክማል። ተፈጥሮ ደግሞ ለውጥ አትወድም፤ የጎደለውን ለመሙላት ኮረንቲ ታዞራለች። አቅጣጫውን ለማወቅ መጀመሪያ የሽቦው መስክ በየት በኩል እንደሚዞር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ የሚያውቀው ዘዴ አለ። ቀኝ እጅህን ዘርጋ፤ አውራ ጣትህ ኮረንቲው ወደሚሄድበት ያመልክት፤ የቀሩት ጣቶችህ ሲታጠፉ መስኩ የሚዞርበትን ያሳዩሃል። ቀኝ እጅ። ግራ ከሆነ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይመጣል።

ፕሮፌሰሩ ግን «የለም፣ በተቃራኒው ነው፤ እስቲ እይ» አሉ። ቀኝ እጃቸው ጠመኔ ይዟል። ስለዚህ ሽቦውን በግራ እጃቸው ጨበጡት።

ረድኤትም አይታለች፤ ቀኝ እጇ ከቀሚሷ አጠገብ በዝግታ ሲታጠፍ አየሁት። አሁን ትነግራቸዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገችና በለሰለሰ ድምፅ «ይቅርታ፣ ፕሮፌሶሬ፤ እኔ በደንብ ሳይገባኝ ቀርቶ ይሆናል። መስኩ ከሰሌዳው ወደ እኛ ነው የሚወጣው?» አለች።

«አዎ፣ ወደ እኛ።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

እንዴት ያለ የተዋበ እርማት ነው! የኔ አጎት ቢሆኑ ኖሮ በሁለተኛው «አልገባኝም» ላይ እጃቸውን ያዩ ነበር። ሮም ላይ ግን ያልገባው ሰው ያልገባው ሰው ነው። ፕሮፌሰሩ በሐዘኔታ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ፣ ሲኞሪና፣ ጥሩ ተማሪ ነሽ። ግን የመስኩን አቅጣጫ ሳያውቁ ወደፊት መሄድ አይቻልም፤ መሠረቱ እሱ ነው። ዛሬን ተዪውና በመስከረም ተመለሺ፤ በደንብ አጥኚ።»

እትዬ ዘውዴ በክርናቸው ጎሸሙኝ። ጣሊያንኛው ገብቷቸዋል፤ ያልገባቸው ፊዚክሱ ነው።

«ተሳሳተች?»

«የለም። የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው። በግራ እጃቸው ለኩት።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?»

«ነገረቻቸው እኮ።»

«መቼ?»

«አልገባኝም ስትል።»

እትዬ ዘውዴ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄን ያስተማርካት አንተ ነህ?»

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። እሳቸው ግን ተነሡ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ በጥርት ያለ አማርኛ ተናገሩ።

«ረድኤት! ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ የጣሊያን ሰው ነው። በግልጽ ካልነገርሽው እስከ ገና ብትቆሚም አይገባውም! የሱን መስከረም ተዪና የራስሽን ነሐሴ አስቢ!»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ፕሮፌሰሩም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ሲኞራዋ ምን እያሉ ነው?»

ረድኤት እትዬ ዘውዴን አየች። ከዚያ «እናቴ ናቸው። መምህርሽን አታድክሚ ነው የሚሉኝ» አለች። (የማስተርጎም ሥራ ላይ ስንት ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ግን ተርጉሜ አላውቅም።)

ከዚያ ያደረገችውን ነገር እኔ አላስተማርኳትም፤ እትዬ ዘውዴም አላሏትም። ወደ ፕሮፌሰሩ ቀረብ አለች። ከትልቅ ሰው ነገር እንደሚቀበል ልጅ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። ፕሮፌሰሩ ልትጽፍ መስሏቸው ጠመኔውን ሰጧት። ተቀበለች። ግን ወደ ሰሌዳው አልሄደችም። ጠመኔውን በሁለት መዳፏ እንደያዘች ቆማ፣ በቀጥታ ዓይን ዓይናቸውን እያየች «አሁን ቀኝ እጅዎ ባዶ ነው፣ ፕሮፌሶሬ። በእሱ ይሞክሩት» አለች።

ፕሮፌሰሩ ቀኝ እጃቸውን አዩ። ግራቸውን አዩ። ቀኙን ወደ ሽቦው አስጠጉና አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አቁመው ጣቶቻቸውን አጠፉ። ጣቶቹ በስተቀኝ በኩል ወደ ሰሌዳው ገቡ። እዚያው እንዳሉ ቀሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው።

«በየዓመቱ ተማሪዎቼን ‹ስትለኩ እስክሪብቶ አስቀምጡ› እያልኩ እጮሃለሁ!» አሉ። ሳቃቸው ሲበርድ ጠየቋት። «ለምን ወዲያው አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት።»

«ፊዚክስ ውስጥ ትልቅ ሰው የለም፣ ሲኞሪና። የተረፈውን ጨርሺልኝ።»

ጨረሰችላቸው። ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ከነምክንያቱ፣ ከነቀመሩ። መዝገቡ ላይ ከሠላሳ ሃያ ስምንት አስቀመጡላት። ሁለቱ ነጥብ ምን እንደበላው ሲያስረዱ «ዝም ላልሽበት ነው» አሉ። እትዬ ዘውዴ ይህን ሲሰሙ «ስህተቱ የሱ፣ ቅጣቱ የሷ?» ብለው ሁለተኛ ሊነሡ ሲሉ ነጠላቸውን ያዝኩ። በዚህ አገር ተማሪ ውጤቱ ካላማረው አልቀበልም ብሎ ሌላ ጊዜ መፈተን ይችላል። ረድኤት ግን «እቀበላለሁ!» ያለችው ፕሮፌሰሩ ‹ቬንቶቶ›፣ ሃያ ስምንት፣ ብለው ሳይጨርሱ ነው። እትዬ ዘውዴ እልልታቸውን እስከ ኮሪደሩ ድረስ እንደምንም ይዘው ቆዩ። ከኮሪደሩ በኋላ ያለውን የጥበቃ ሠራተኛው ይንገራችሁ።

እኔ ያን ቀን ምን ያህል እንደኮራሁ አልደብቅም። ደረቴን ነፍቼ የዞርኩት እኔ ያለፍኩ ያህል ነው። አንዳንዴ ሳስበው ልጅቷ ምክሬን አልጣለችውም፤ ጎንበስ ማለቱን ከኛ ወስዳ፣ ቀና ብሎ መናገሩን ከዚህ አምጥታ አንድ ላይ ሰፍታዋለች እላለሁ። ይሄ ራሴን ለማጽናናት የፈጠርኩት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ደስ ይለኛል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፔርሜሶዋን ልታሳድስ ኩዌስቱራ፣ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የውጤት ወረቀቷን በላስቲክ ሽፋን ውስጥ አድርጋ ይዛለች። ቀጠሮ ቢኖርም ወረፋው አይቀርም። ከኋላችን ለነገረ መለኮት ትምህርት ከአገር ቤት የመጡ አንድ ወጣት ካህን ቆመዋል። ምን እንደምትማር ጠየቋት። እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ መለስኩ።

«ኮረንቲ ነው የምታጠናው፣ አባ። እኔም ሳስጠናት ነበር። ኮረንቲ እኮ ድንቅ ነገር ነው። እርስዎ ማብሪያውን ሲጫኑት ኤሌክትሮኑ ከዚያ ተነሥቶ፣ በሽቦው ውስጥ በብርሃን ፍጥነት በርሮ፣ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ አምፖሉ ጋ ይደርሳል።»

«ተሳስተዋል፣ ጋሼ» አለች ረድኤት።

እንዲሁ። «አልገባኝም» የለ፣ «ይቅርታ» የለ፣ ጎንበስ የለ።

«ኤሌክትሮኖቹ ቀንድ አውጣ እንኳን ይቀድማቸዋል። ሽቦው መጀመሪያውኑ በነሱ የተሞላ ነው፤ ልክ እንደዚህ ሰልፍ። ማብሪያው ሲጫን ሁሉም ባሉበት ሆነው ባንድ ጊዜ ይነቃነቃሉ። የሚፈጥነው መነቃነቁ ነው እንጂ እነሱ አይደሉም።»

ይህን ስትል የጽሕፈት ቤቱ በር ተከፈተ። አንድ ሰው ገባ። ሰልፉ ከፊት እስከ ኋላ ባንዴ ተነቃነቀ። ሁሉም ወረቀቱን ያዘ፤ ሁሉም ቦርሳውን አነሣ፤ አባም መስቀላቸውን አስተካከሉ። እኛ ግን ከቆምንበት አንድ ጫማ ያህል እንኳን አልተራመድንም።

«አዩ?» አለች።

አየሁ። አባ በፈገግታ ወደ እኔ ዞሩ። «ያስጠኗት እርስዎ ነበሩ አሉኝ?»

«ተማሪዬ ናት» አልኩ። ሌላ መከላከያ አልነበረኝም።