በሃኖይ መንገድ መሃል ያደረግሁት ሽኝት

«ታሪክ በእግር ነው የሚታየው» የሚል ሰው ወይ እግሩን አይወድም፣ ወይ ሃኖይ ሄዶ አያውቅም። አደጋ ላይ መሆኔ የገባኝ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅና አንድ የቁም ሳጥን መስታወት በአንድ ሞተር ብስክሌት ላይ ሆነው በአፍንጫዬ ሥር ሲያልፉ፣ መስታወቱ ውስጥ የራሴን ፊት ሳየው ነው። አመድ መስሏል።

እንዴት እዚያ ደረስሽ አትሉኝም? ልጄ ሊያ ሳን ሆዜ ኮሌጅ ገብታ ታሪክ ተምራ ተመረቀች። ነርስ ትሆናለች ብዬ ለሰው ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ለምርቃትሽ ምን ትፈልጊያለሽ ብላት፣ «የቬትናምን ዋና ከተማ ካንቺ ጋር በእግር መዞር» አለችኝ። እኔ በምኖርባት ሳን ሊያንድሮ ውስጥ ከቤቴ እስከ ባቡር ጣቢያው እንኳ ራይድ ስጡኝ፣ በመኪና አድርሱኝ እያልኩ የምለምን ሰው ነኝ። ግን እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ «ካንቺ ጋር» ከተባለ በኋላ እምቢ የሚል አፍ አይኖርም።

ጠዋቱ ደህና ነበር። መጀመሪያ ከተማው መሃል ያለውን ሐይቅ አሳየችኝ። ድሮ አንድ ንጉሥ ጠላቱን በሰይፍ ካባረረ በኋላ ሐይቁ ላይ በጀልባ ሲሄድ፣ ኤሊ ብቅ ብላ ሰይፉን መልስ አለችው፤ መለሰላት። ሐይቁም በዚሁ ተሰየመ።

«እኔ ኤል ሴሪቶ ለምትኖረው ጓደኛዬ ትልቁን ድስት ካዋስኳት ሦስት ዓመቴ» አልኳት። «ንጉሥ እንኳ መልሷል።»

«ማሚ፣ እሱ እኮ ሌጀንድ ነው፣ ተረት።»

«የኔም ድስት ተረት ሆኖ ቀርቷል።»

ከዚያ አሮጌው ሰፈር ገባን። መንገዱ ሁሉ በሚሸጥበት ነገር ነው የሚጠራው፤ የብር መንገድ፣ የሐር መንገድ፣ የወረቀት መንገድ። ሊያ ስለ ድሮ የእጅ ሙያተኞች አንድ ሰዓት ልታስረዳኝ ስትዘጋጅ፣ «ገባኝ፣ መርካቶ ነው። ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ» አልኳት። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ኮሌጅ የጨረሰን ሰው ዝም ሲያሰኝ ደስ ይላል፤ አልዋሻችሁም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጥንታዊው ትምህርት ቤት ሄድን። አንድ ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው አሉ። ያኔ ፈተና ያለፉ ሰዎች ስማቸው በድንጋይ ላይ ተቀርጿል፣ ያንን ድንጋይ ደግሞ ከድንጋይ የተሠሩ ኤሊዎች በጀርባቸው ተሸክመውታል። ሊያ ከቤት ከወጣን ጀምሮ የምታወራው ስለዚህ ነው። «ሳትማሪ ስላስተማርሽኝ አብረን ማየት አለብን» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳይ ግን በሩ ከማዶ ነው፤ በመሃል ያ ሞተር የሚግተለተልበት መንገድ አለ።

ሳን ሊያንድሮ መንገድ ዳር ቆሜ ቦርሳዬን ስፈትሽ መኪና ይቆምልኛል። መሻገር ባልፈልግ እንኳ፣ ሰውየው ከቆመልኝ አይቀር ብዬ እሻገርለታለሁ። ሃኖይ ማንም ለማንም አይቆምም። የእግረኛ መሻገሪያው በነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ለውበት መሰለኝ።

«ሚስጥሩ አለመቆም፣ አለመሮጥ ነው» አለች ሊያ። «ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ እነሱ ይዞሩሻል። ጀስት ዎክ ማሚ።»

ይህን ብላ ገባችበት። ስለ ኤሊዎቹ እያወራች ተሻገረች፤ ከኋላዋ ያለሁ መስሏታል። እኔ ዛፍ አቅፌያለሁ።

ማዶ ደርሳ ዞር ስትል የለሁም። «መጥቼ ልውሰድሽ?» ብላ ጮኸች፤ አንድ እግሯንም ወደ አስፋልቱ አወረደች። ልቤ አብሮ ወረደ።

«እንዳትነቃነቂ!» አልኳት። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ!»

እሷ በዚያ መዓት ውስጥ ስትመለስ ከማይ፣ ዛፉ ሥር ቤት ሠርቼ ብኖር ይሻለኛል። እኔ የማውቀው አሻጋገር ደግሞ ቀሚስ ሰብስቦ መሮጥ ነው። ሁለት እርምጃ ሮጥኩ፤ ዶሮ የጫነ ሞተር መጣ፤ አምስት እርምጃ ሮጬ ተመለስኩ።

ይኼኔ አንድ እጅ የእጄን አንጓ ለቀም አደረገኝ። አንዲት አሮጊት ናቸው። ሰማንያ ይሆናቸዋል፣ ቁመታቸው ትከሻዬ ድረስ አይመጣም፣ በሌላ እጃቸው ጎመን በፌስታል ይዘዋል።

«እማማ ይተዉኝ፣ እርስዎንም አስጎዳዎታለሁ» አልኳቸው በአማርኛ። በራሳቸው ቋንቋ መለሱልኝ። ቃሉን አላወቅሁትም፣ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ፤ «ዝም ብለሽ ነይ» ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን እየጠራሁ ተጎተትኩ። ስገልጠው ሊያ አቅፋኛለች።

እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን አሮጊቷ ፌስታላቸውን አስተካክለው ወደ መጡበት ዞሩ። ለካ እኔን ለማሻገር ብቻ ነው የመጡት። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ በእኔ ምክንያት የመጡ የሰማንያ ዓመት ሴት በዚያ እሳት ውስጥ ብቻቸውን ይመለሱ?

«ቆይ ልሸኝዎት» አልኩና ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ማሚ፣ የት ነው?»

«መጣሁ፣ እማማን ሸኝቼ።»

በሰላም አደረስኳቸው። እጅ ነሳሁ፣ እሳቸውም ነሱ። ቀና ስል ልጄ ማዶ፣ እኔ ዛፌ ሥር።

አሮጊቷ እኔን አዩ። ዛፉን አዩ። ልጄን አዩ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና እንደገና አንጓዬን ያዙ። ማዶ አደረሱኝና ዞሩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እግሬ በራሱ ጊዜ ተነሣ። ሊያ የቦርሳዬን ማንገቻ ያዘች።

«ማሚ ኖ! እሳቸው እኮ በየቀኑ ነው የሚሻገሩት።»

«አንቺ አሮጊት ሴት መንገድ ላይ ጥለሽ ትሄጃለሽ?»

«አንቺን ጥዬሽ ሄጄ ነበር እኮ፣ ቅድም።»

ልክ ናት። ቢሆንም ቦርሳው እጇ ላይ ቀረ፣ እኔ ሄድኩ።

ሽኝት እንዲህ ሲመላለስ እኛ ዘንድ መፍትሔ አለው። ኮንኮርድ ያለችው እህቴ እስከ መኪናው ትሸኘኛለች፣ እኔ እስከ ደጇ እመልሳታለሁ፣ እሷ እንደገና እስከ መኪናው። በመጨረሻ «በቃ ግማሽ መንገድ» ተባብለን መሃል ላይ ተሳስመን እንለያያለን። ማንም አይቀየምም። እና አስፋልቱ መሃል ስንደርስ ቆምኩ።

«እማማ፣ በቃ ግማሽ መንገድ» አልኩና ጉንጫቸውን ሦስቴ ሳምኩ። ጥሩምባው በግራ በቀኝ ይጮኻል። አሮጊቷ ሳቁ፣ ክንዴን መታ መታ አደረጉና ወደ ማዷቸው ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። ዛፍ የለ፣ የሚይዘኝ እጅ የለ፤ ግማሹ መንገድ ለእኔ ተርፏል። ሊያ ቦርሳዬን ደረቷ ላይ አቅፋ ከንፈሯ ነጥቷል። እግሯ እንደገና ወደ አስፋልቱ ወረደ። እሷ ከመምጣቷ በፊት መድረስ ነበረብኝ፤ መሮጥ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ቀስ ብዬ ሄድኩ። አንድ ሞተር በፊቴ፣ አንዱ በኋላዬ አለፈ። አልቆምኩም። የአንዱ መሪ ቀሚሴን ነካ አደረገው። አልሮጥኩም። ዓይኔን የልጄ ጫማ ላይ ተክዬ፣ ጫማዋ እየቀረበ፣ እየቀረበ... ነካሁት።

ክንዴን በሁለት እጇ ያዘችኝ። «ካሁን በኋላ ማንንም አትሸኚም» አለች።

«እሺ።»

ዞሬ አየሁ። አሮጊቷ ከማዶ ቆመዋል። ቤታቸው አልገቡም፤ እስክደርስ ሲጠብቁ ነበር ለካ። እጄን ከፍ አደረግሁላቸው።

«ደርሻለሁ እማማ» አልኩ። «ደህና ነኝ።»