አስታማሚ የሌለው ወንድ

ከመተኛቴ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። የምመራው የሱስ ሕክምና ክፍል ስምንት አልጋዎች አሉት፤ በስምንቱም ላይ ወንዶች ተኝተዋል። ከእያንዳንዱ አልጋ ሥር ፍራሽ አለ፤ ፍራሹ ላይ ደግሞ አስታማሚ፦ ሚስት፣ እናት ወይም እህት። አስታማሚ የሌለው ታካሚ አናስተኛም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኮራበትም ነበር።

አልጋ ቁጥር ሦስት ላይ ያለው ቢሻው ይባላል። ጆንያ ሲሸከም ለወገቡ ብሎ የጀመረው ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ አልለቅ ብሎት ነው የመጣው። የምታስታምመው ሚስቱ ውድነሽ ናት። ትናንት ውድነሽ ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችኝና እሷም በቀዶ ጥገና ከወለደች ጀምሮ ያንኑ ክኒን መተው እንዳቃታት ነገረችኝ።

«እኔንም ያክሙኝ፣ ዶክተር።»

«በደስታ፣ እህቴ። አስታማሚ ይዘሽ ነይ።»

ይህን ብዬ ቤቴ ገባሁና ተኛሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር አልነበረም። ሕልሙ ግን ቀድሞኝ ገብቶ ይጠብቀኝ ነበር።

ክፍላችን መሐል ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ። ትራማዶል የምውጠው እኔ ነበርኩ። አልጋዎቹ ነጭ ጋውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የሕክምና ቦርድ መሆናቸው ነው። ሰብሳቢዋ ውድነሽ ናት፤ የልብ ማዳመጫዋን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትንፋሹን ታዳምጣለች።

«ምን ልርዳህ፣ ወንድሜ?»

«ያክሙኝ፣ ዶክተር። አላስቀምጥ ብሎኛል።»

«ወንድ ልጅ ክኒን ይውጣል እንዴ! ሚስትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ ማን ፈቅዶልህ መጣህ?» አለ አልጋ ቁጥር አምስት።

ሕልም ውስጥም ቢሆን ሙያዬን አልረሳሁምና የመድኃኒቱ መጠን እንዴት እንደሚሰላ ጠየቅሁ።

«በወንድ ላይ አልተጠናም» አለች ውድነሽ። «የሴቱን እንሰጥሃለን። ከወደቅህ እንቀንሳለን።»

ይህን አነጋገር የት እንደማውቀው ለማስታወስ ሞከርኩ። ከራሴ አፍ ነው፤ ስለ ሴቶች ስጠየቅ የምለው።

«ልጆችህን ማን ይይዝልሃል?»

«እናታቸው።»

ቦርዱ በሳቅ ፈረሰ። አልጋ ሲስቅ ሽቦው ነው የሚንጫጫው።

«በል፣ አስታማሚ አምጣ። ደግሞ ወንድ ይሁን።»

ስልክ ደወልኩ። ወንድሜ ስብሰባ ላይ ነበር። አጎቴ «እኔንስ ማን ያስታምመኝና?» አለ። ከሞተ የቆየው አባቴ አንስቶ «አሁን አይመቸኝም፣ ልጄ» ብሎ ዘጋው።

ብልሃት ግን አላጣሁም፤ ራሴን አስታማሚ አድርጌ አቀረብኩ። ቦርዱ ለሙከራ ፈቀደ። ታካሚው እኔ አልጋ ላይ ተኛሁ፤ አስታማሚው እኔ ከሥር ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ሾርባ በማንኪያ ወደ ላይ አቀበልኩ። የአንዱም እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሌላውም ይንቀጠቀጣል። ሾርባው ግንባሬ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም ግንባሮቼ ላይ።

«ጎበዝ አስታማሚ ነው!» አለች ውድነሽ። «ታካሚውን ግን አስወጡት።»

«እኔስ?» አልኩ ከአልጋው ሥር።

«ታካሚ የሌለው አስታማሚ እዚህ ምን ይሠራል? አብረህ ውጣ።»

አልጋዎቹ ተነሥተው በእግራቸው ወደ በሩ ሲገፉኝ ስልኬ ጮኸና ነቃሁ። የክፍሉ ነርስ ሲስተር ፈትለወርቅ ነበረች።

«እንዴት አደሩ፣ ዶክተር? ቁጥር ሦስት ሕክምናውን ጨርሷል፤ ልሸኘው?»

«ውድነሽስ?»

«አስታማሚዋ? ፍራሿን እየጠቀለለች ነው። ባሏ ሲወጣ እሷም ትወጣለች።»

«አትውጣ! አልጋው ላይ አስተኚያት።»

«አስታማሚ አላት?»

«የላትም። ደንቡን ሽሬዋለሁ።»

«በስልክ?» አለች ሲስተር፣ እየሳቀች መሰለኝ። «ደንቡ በጽሑፍ ካልሆነ አይሻርም ያሉት እርስዎ አይደሉ?»

ነኝ። ያቺን አንቀጽ ስጨምር ራሴን በጣም አድንቄ ነበር።

ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። ስደርስ ሰባቱ አልጋዎች ላይ ወንዶች ተኝተዋል። የቁጥር ሦስት አንሶላ ተቀይሯል፤ ከሥሩ የውድነሽ ፍራሽ የለም።