አንዲት የላቲን ቃል ያሰከረችኝ ሰሞን

አንዲት ነገር ተምሮ አገር ካላስተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ካለችው ስፓዛዬ፣ ማለትም ከትንሿ የሰፈር ሱቄ፣ ብቅ በሉና እዩኝ።

ሕግ የምታጠናው ልጄ ለላቲን ፈተና ስትዘጋጅ ባንኮኒው ላይ ደብተሯን ዘርግታ አስረዳችኝ። «ኢን» የምትባል ትንሽ ቃል አለች። አብሯት ያለው ስም መጨረሻው ሲለወጥ የእሷም ትርጉም ይለወጣል፤ በአንዱ «ወደ ውስጥ»፣ በሌላው «ውስጥ» ትሆናለች።

በቃ፣ ሊቅ ሆንኩ! እሁድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድሰጥ ዕድል ሲሰጠኝ ስለ ጌታ ጀምሬ ስለ «ኢን» ጨረስኩ። ወተት ሊገዙ የመጡት ጎረቤታችን አሮጊት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ»፣ አያቴ፣ የሚላቸው፣ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ማዶ ቆመው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ገብቶኛል፤ አሁን ወተቴን ስጠኝ» አሉኝ። እኔ ግን ገና ወደ ምሳሌው አልደረስኩም ነበር!

ትናንት ደግሞ አንዱን ደንበኛ ይዤ ሳስተምር ልጄ መጥታ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችኝ። የሆነ ነገር ተሳስቼ ልታርመኝ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ፈተናውን ከወሰድኩ እኮ ሳምንት አለፈኝ። ጎጎ እንኳ እንዴት ሆነልሽ ብለው ጠይቀውኛል። አንተስ መቼ ነው የምትጠይቀኝ?»