ጋሽ ከማለዲን ወገን ሲቀይሩ

ማኅበር ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ ተገልባጭ አይታጣም። ኦክላንድ ላይ ግን ማኅበሩ ሁለት ሲሆን ሁለቱን የሚያዳርሰው ተገልባጭ አንድ ብቻ ነው፦ ክቡር ጋሽ ከማለዲን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ወገን ይቀይራሉ።

በ2004 ማኅበራችን ለሁለት ሲሰነጠቅ ጋሽ ከማለዲን የነባሩ ኮሚቴ ሰው ነበሩ። ጠዋት ቴሌግራፍ አቬኑ ካለው አዳራሽ፣ «ነባሩን የነካ እኔን ነካ!» ብለው ጠረጴዛ ደበደቡ። ከምሳ መልስ ከለውጥ ኮሚቴው ረድፍ ተቀምጠው ተገኙ። ቆየት ብለው «ገለልተኛ» የሚባል ሦስተኛ ወገን አቋቋሙ፤ ሊቀመንበሩም አባሉም እሳቸው ብቻ። ዓመት ሳይሞላ «አመራሩ አላሠራኝም» ብለው ለቀው ወጡ።

«ጋሼ፣ ምነው?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኔ ሐቅ ወዳለበት ነው የምሄደው።»

«እስስት እንኳ ትንሽ ታስባለች እኮ!» ትላለች ራቢዓ። ራቢዓ የነባሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር የኢሊያስ ሚስት ናት። ጋሽ ከማለዲን የከዱት ባሏን ነውና ስማቸው ሲነሳ ደሟ ይፈላል።

በ2013 ደግሞ የባሰ መጣ። ፕሌዘንተን ከተማ የምትሠራው የራቢዓ ልጅ ሰሀር ባል አገኘች። ልጁ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የለውጥ ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ የሐጂ አብዱልሙኒም! ኢሊያስና ሐጂ ማኅበሩ ከተሰነጠቀ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ሰሀር ግን፣ «ማሚ፣ አይ ላቭ ሂም» ብላ ቁርጡን ነገረቻት። ራቢዓም ልጁን ወዳዋለች። ባሏን ለምና ለምና ሽማግሌ እንዲቀበል አደረገችው።

እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ የሐጂ ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት ሆኖ የሚመራቸው ማን ነው? ጋሽ ከማለዲን፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው! «በቃ፣ አለቀልን» አለች ራቢዓ በልቧ። የሴት ወገን ሆነው ሊመልሱ ቃል የገቡት የነባሩ ሰዎች ደግሞ የለውጦቹን መኪና ከደጅ ሲያዩ ሳይቆሙ አልፈዋል፤ ቢደወልላቸውም አያነሱም። ኢሊያስ ብቻውን ሶፋው ላይ ቀረ።

«ተቀመጡ» አለ ፊቱን ሳይፈታ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ከማለዲን እንደ ወጉ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

ኢሊያስ ዝም። ለሽማግሌ የሚመልሰው ሽማግሌ ነው፤ አባት ራሱ ተሽቀዳድሞ «ሰጠሁ» ቢል ልጁን ያራከሰ ይመስለዋል፤ ዝም ካለ ደግሞ እምቢ ማለቱ ነው። ራቢዓ የኪችኑ በር ላይ ቆማለች። ሰሀር ከኋላዋ ሆና የእናቷን እጅ ጨምቃ ይዛለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እንግዲህ መልሱን ሰምተናል፣ እንሂድ» ብሎ ወደ ጫማው ዞረ።

ይሄኔ ጋሽ ከማለዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምንጣፉን ተሻግረው ከኢሊያስ ጎን ዘፍ አሉ።

«ከአሁን ጀምሮ እኔ የሴት ወገን ነኝ።»

«ያ አላህ! ከእኛ ጋር አይደል እንዴ የመጡት?» አለ ወደ ጫማው የዞረው ሽማግሌ።

«ነበርኩ፤ ለቅቄያለሁ» አሉና ወደ ኢሊያስ ጆሮ ዘንበል አሉ። «ኢልዬ፣ እኔን ስንቴ ተቀይመህ ስንቴ ታርቀኸኛል? ሐጂንም አንዴ ታረቀው። ለልጅቷ ስትል።»

ኢሊያስ ወደ ኪችኑ በር አየ። የሰሀርን ፊት ሲያይ ትከሻው ወረደ።

«እሺ» አለ በቀስታ።

ጋሽ ከማለዲን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቅድም ራሳቸው ላቀረቡት ጥያቄ ራሳቸው መለሱ፦ «የሴት ወገን ተማክረናል። ልጃችንን ሰጥተናል። ለምርቃቱ ፋቲሃ ይቀራ!»

የቆሙት ተቀመጡ። ራቢዓ እፎይ አለች፤ በሩን ተደግፋ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ያን ሁሉ ዓመት የረገመቻቸው ሰውዬ! እግራቸው አንድ ቦታ የሚረጋ ቢሆን ኖሮ ያቺን ምንጣፍ ማን ይሻገርላት ነበር? ወደደቻቸው፤ በቃ፣ ሌላ ቃል የለውም።

ሊሄዱ ሲነሱ ጎንበስ ብላ ጫማቸውን አቀናችላቸው።

«አፈር ስሆን ጋሼ፣ ልጆቹ ኒካ እስኪያስሩ ድረስ እንኳ እኛ ጋ ይቆዩልኝ።»

ጋሽ ከማለዲን ትንሽ አሰቡ።

«ኢንሻአላህ» አሉ።