ሞተ የተባለው ሲዲ

ኮምፒውተር አይረሳም የሚሉ ሰዎች አሉ። አማርኛ ጽፈውበት አያውቁም ማለት ነው። እኔ ሐዋሳ ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ማመልከቻና መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሴት ነኝና ስለ መርሳት እኔን ጠይቁኝ። ድሮ የተየብንበት የአማርኛ ሶፍትዌር ሌላ፣ የዛሬው ሌላ ነው። የድሮውን ፋይል በአዲሱ ስትከፍቱት የፈረንጅ ምልክት ተደርድሮ ያፈጥባችኋል እንጂ አንድ ፊደል አታገኙም።

ጡረተኛው መምህር ጋሽ ዳንጊሶ ሲዲ ይዘው የመጡት በዚሁ ጣጣ ነው። ሟች ባለቤታቸው በሲዳምኛ ያወጉላቸውን ተረት በአማርኛ ጽፈው ያኔ በድሮው ሶፍትዌር አስተይበውታል። የእጅ ጽሑፉ ቤት ሲቀይሩ ጠፋ። ልጃቸው ሞባይል ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ላድርገው ቢል ያ ምልክት ወጣ። አዲስ አበባ ያሳዩት ባለሙያም ፋይሉ ሞቷል ብሎ መለሳቸው።

እኔ ግን ገና ሳየው ሳቄ መጣ። ጉራ አትበሉብኝና፣ የድሮው ፊደል ፎንት ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ስንት ዓመት ያፈጠጠብኝ ምልክት ነው፤ ተዋውቀናል። ደብተር አወጣሁና በግራ ምልክቱን፣ በቀኝ ፊደሉን እየጻፍኩ ኮምፒውተሩን አንዱን በአንዱ እንዲተካ አዘዝኩት። ምን ያደርጋል፣ ጠዋት የኮራሁበት ሥራ ከሰዓት ተበላሸ። ለካ አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ምልክት ጥምር ነው የሚሠራው፤ ነጠላዎቹን ቀድሜ ስቀይር ጥንዶቹን አፋትቻቸዋለሁ። ከሲዲው እንደገና ገለበጥኩና ባለትዳሮቹን አስቀድሜ፣ ወንደላጤዎቹን አስከተልኩ። በአራተኛው ቀን አለቀ።

ጋሽ ዳንጊሶ መነጽራቸውን አስተካክለው ከባለቤታቸው ተረት አንድ ገጽ አነበቡ። «እሷ ናት» አሉ።

ሲዲውን ልመልስላቸው ስል ዓይናቸው ደብተሩ ላይ ዐረፈ።

«ይህንንም አባዢልኝ» አሉ።

«ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?»

«እንደ እኔ የሞተ ፋይል ታቅፈው የተቀመጡ መምህራን አሉ፤ ይዳረስላቸው። ስምሽን ጻፊበት።»

የስንቱን ስም ሽፋን ላይ አሳምሬ ተይቤያለሁ፤ የራሴን ግን ጻፊ ያለኝ አልነበረም። ኩራት እንዲህ ደረት ያስነፋል ለካ! እስክሪብቶ አነሳሁ። ሳያይ የሚተይብ ጣቴ ከኩራቱ ብዛት ተቻኩሎ ሞነጫጨረውና፣ ያን ሁሉ ምልክት ያነበብኩት ሴትዮ የጻፍኩትን የገዛ ስሜን ማንበብ አቃተኝ።