የአያ ተገኘ ፏፏቴ

ለሽርሽር በወጣችሁ ቁጥር የአገሩን እያነሳ ደስታችሁን የሚያጣጥል ሰው አላጋጠማችሁም? እኔን አጋጥሞኛል። እስራኤል አገር፣ በሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ጎረቤቴ የሆነው አያ ተገኘ ነው። ከኔታንያ ወደ ሰሜን ለጢዩል፣ ማለትም ለሽርሽር፣ ሄደን ፏፏቴ ባየን ቁጥር፣ «ይሄም ፏፏቴ ተብሎ!» ይላል። «የመንደሬን ብታዩ! ጫካው በቀትር ይጨልማል። ዋና የተማርኩት እዚያ ኩሬ ውስጥ ነው።» ማን ይመነው?

ባለፈው ክረምት አብሬው ጎንደር፣ ወደ ተወለደበት መንደር ሄድኩ። ጭቃውን እየረገጥን፣ ሐረጉን እየገለጥን ጫካውን ስናቋርጥ አያ ተገኘ እንደ ጎረምሳ ጥሎኝ ሄደ። ፏፏቴው እሱ ካለውም ይበልጥ ነበር! ሸሚዙን አውልቆ ሊገባ ሲል ኩሬው ዳር ልብስ የምታጥብ አንዲት የእሱ እኩያ ሴት ቀና አለች።

«ጌታው፣ ጥልቅ ነው፤ እንግዳ አይዋኝበትም።»

«እንግዳ አይደለሁም» አላት እየሳቀ። «የአንጥረኛው የፈረደ ልጅ ነኝ።»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችው። «እዚህማ አንጥረኛ ኖሮ አያውቅም። ሌላ መንደር ይሆናል» አለችና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

አያ ተገኘ ሸሚዙን መልሶ ለበሰ። ውኃውን በእጁ እንኳ ሳይነካ ተመለስን።

ኔታንያ ስንደርስ ጎረቤቶች ከበቡት። «እህሳ፣ ያ ፏፏቴ እንዴት ነው?»

«ትንሽ ነው» አላቸው። «የዚህ አገሩ ይሻላል።»

ልመሰክርለት አፌን ስከፍት በዓይኑ ከለከለኝ።